የማይታወቁት መሣሪያዎች ፕሮፖዛል፦ ሦስተኛው ረቂቅ

መሰርሰሪያ፦
ሦስተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። ባለፈው የተጣላንበትን ሁሉ አውጥቼዋለሁ፣ መልሳችሁ እንዳታስገቡት። ዓላማው ያው ነው። የማኅበራችን ሳጥኖች ውስጥ ካሉት የእጅ መሣሪያዎች ምን እንደሆኑ የማናውቃቸውን መርጠን ፎቶ እናነሳለን፣ እንለካለን፣ እንመዝናለን። ከዚያ የድሮ የእጅ ባለሙያዎች ያሉበት ድረስ ይዘናቸው እንሄዳለን። የሚያውቋቸው ሰዎች እያረጁብን ነው፣ ስለዚህ ትልቁ የበጀት ድርሻ ለጉዞ ነው። የቀረው ለፎቶና ለማስቀመጫ። ማስገቢያው የወሩ መጨረሻ ነው። ካለፈን እንደ አምናው ገንዘቡ ለሌላ ማኅበር ይሄድና እኛ እናጨበጭባለን።

ድጅኖ፦
ፎቶውን ለኔ ተዉት። ጥሩ ካሜራ አለኝ። ቅዳሜ እጀምራለሁ።

ሞረድ፦
ገጽ 2። «ለመጠን ማሳያ ከመሣሪያው ጎን ሳንቲም ይቀመጣል» ይላል። አልስማማም። ማስመሪያ ይሁን።

ጉጠት፦
ከዚህ ሁሉ ገጽ የታየህ ሳንቲሙ ነው?

ሞረድ፦
አዎ፣ ሳንቲሙ ነው። ሳንቲም ካገር አገር ይለያያል። ፎቶውን ሌላ አገር ሆኖ የሚያይ ሰው ምኑን ከምን ያመዛዝን? ትንሽ ዓመት ቆይቶ እኛም ራሳችን የትኛው ሳንቲም እንደነበር ይጠፋናል።

መላጊያ፦
ማስመሪያ ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል፣ ቁጥሩ አይነበብም። ሳንቲም ማንም ኪስ ውስጥ አለ። አታካብዱት።

ሞረድ፦
የእንጨት ማስመሪያ የሚባል ነገር አለ።

መላጊያ፦
የማኅበሩን የእንጨት ማስመሪያ አይተኸው ታውቃለህ? ጫፉ ተበልቶ ከዜሮ አይጀምርም።

ሰንጢ፦
የክብሪት ቀፎ ብናደርግስ?

ጉጠት፦
በናትህ።

ወስፌ፦
ቀላል ይመስላል ግን ሞረድ ልክ ነው። ሳጥን ሦስት ውስጥ እጀታ ያላት ክብ ብረት አለች አይደል፣ «ቆዳ መቁረጫ» ተብሎ ወረቀት የተለጠፈባት። የድሮው ፎቶ ላይ መጠን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ያየ ሁሉ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነገር ትመስለው ነበር። አውጥቼ ለካኋት። ዲስኳ ብቻዋን ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲሜትር ናት። ጠርዟ ደነዝ ነው፣ ጣቴን ሄጄበታለሁ፣ ምንም አይቆርጥም። ጥርስም የላትም። ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ብቻ የተነከሰች ምልክት አለች። መሃሏ ያለው ቀዳዳ ግን ሞላላ እስኪሆን ተበልቷል። ቆዳ ስትቆርጥ የኖረች ነገር አትመስልም፣ ስትሽከረከር የኖረች ናት።

ፋስ፦
እሱማ የጋሪ እግር፣ የመንኮራኩሩ፣ መለኪያ ነው። ምልክቷን ከእንጨቱ እግር ላይ አንድ ቦታ አስነክተሽ ዙሪያውን ታሽከረክሪያታለሽ፣ ስንት ዙር እንደሄደች ትቆጥሪያለሽ። ከዚያ እግሩ ላይ የሚጠልቀውን የብረት ቀለበት ውስጡን እንዲሁ። ብረቱ ከእንጨቱ ትንሽ ማነስ አለበት። እሳት ውስጥ ሲግል ይሰፋል፣ ታጠልቂዋለሽ፣ ውሃ ሲፈስበት ይኮማተርና እግሩን አንቆ ይይዘዋል። ቁጥር የሌላት ለዚህ ነው። ሥራዋ ሁለቱን ማስተያየት ነው።

ወስፌ፦
ጋሼ ፋስ፣ ይሄን ያህል ጊዜ አጠገባችን ቁጭ ብለው ዝም ይሉናል?

ፋስ፦
ማን ጠየቀኝ? ፎቶውን እኔም ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

ሞረድ፦
አያችሁ! ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ ከሚሊዮን 12 እጅ ገደማ ይጨምራል። ዙሪያው 4 ሜትር የሆነ ቀለበት በ600 ዲግሪ ቢግል ወደ 3 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚያ 3 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው። በሴንቲሜትር እንጂ በሳንቲም አይሠራም።

መላጊያ፦
ይኸው ደግሞ ጀመረ።

ጉጠት፦
ጋሼ ፋስ በአንድ መልእክት ፈቱት። ጉዞ ያልነው ለዚህ ነው። ሳንቲሙን ተዉትና እሱን እንጻፍ።

መላጊያ፦
እኔ ሳንቲም አልኩ እንጂ አልሞትኩበትም። ግን ረቂቁን የጻፈው ሰው ሳንቲም ካለ ለምን ይቀየራል? ሞረድ ስላለ?

መሰርሰሪያ፦
ሳንቲም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስብ ነው የጻፍኩት፣ ይቀየር ካላችሁ ይቀየራል።

መላጊያ፦
አይቀየርም።

ምሳር፦
ሳንቲም ሳንቲም ትላላችሁ፣ ያንን ሰፊ መሮ የሳለው ማነው? መሮ አልነበረም እኮ። ጫፉ ደነዝ የሆነው ተፈልጎ ነው። ጫፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሄደች ቀጭን ቦይ ነበረችው። የጀልባ ሳንቃዎች ሲጋጠሙ መሃላቸው ቅጥራን የነካ ቃጫ ይጠቀጠቃል፣ እሱን በመዶሻ እየመቱ የሚያስገቡበት ነው። አሁን ቦይዋ የለችም። እንደ ምላጭ ተስሎ ያብረቀርቃል። ይሄን የትኛው ባለሙያ ጋ ወስደን ምን እንበለው?

መላጊያ፦
ዝጎ ነበር። ለሰው እይታ ብዬ ነው። ሳጥኑን አንድ ቀን ከፍታችሁ የማታውቁ ሰዎች ዛሬ ባለቤት ሆናችሁ?

ምሳር፦
ዝገት ጠላት አይደለም። የሽቦ ብሩሽ ነው ጠላቱ። የሠሪው ማኅተም እኮ የሚጠፋው በብሩሽ ነው። ዕቃው የአሜሪካ ከሆነ ላዩ ላይ የተመታው የፓተንት፣ የፈጠራ መብት፣ ቁጥር ብቻውን ፓተንቱ የተሰጠበትን ዓመት ይነግርሃል። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ በተራ ነው የሄደው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይፈለጋል። ሳጥን አንድ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ቁጥራቸው በብሩሽ ተፍቆ ግማሹ ነው የቀረው። ማን እንደፈተገው ሁላችንም እናውቃለን።

መላጊያ፦
በቃ። ወጣሁ ከዚህ ግሩፕ።

ጉጠት፦
ጥሩ አድርገሃል ምሳር። መጋዘኑ የሱ መሆኑን ረሳኸው?

ሰንጢ፦
ተረጋጉ እስቲ። እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ገንዘብ ሰጪዎቹ የማይታወቅ ነገር ይወዳሉ። ያንን የሮማውያንን ባለ 12 ፊት የነሐስ ነገር አስቡት። ውስጡ ባዶ፣ በየፊቱ ቀዳዳ፣ በየጥጉ እንክብል። ከመቶ በላይ ተገኝቷል፣ ምን እንደሚሠራ የጻፈ አንድ ሮማዊ የለም። ሰው እሱን ለማየት ሙዚየም ይሄዳል። እኛም ያልታወቁትን በመስታወት ቁም ሳጥን ብናሳይ፣ መብራት ብናደርግበት፣ «ይህን የሚያውቅ አለ?» ብለን ብንጽፍበት?

ሞረድ፦
እሱስ ቢሆን? መለኪያ ነው ይላሉ፣ ጓንት መሥሪያ ነው ይላሉ። ከ4 እስከ 11 ሴንቲሜትር ይለያያል። አንዱ ካንዱ ልኩ ካልገጠመ እንዴት መለኪያ ይሆናል? ይሄን ክርክር የሚያስነሳው በትክክል መለካቱ ነው። ስለዚህ ማስመሪያ።

ጉጠት፦
አንተ ሰውዬ!

ወስፌ፦
ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለበት ወረቀት እናትም፣ እያንዳንዱ ካሬ 1 ሴንቲሜትር። አያብረቀርቅም፣ ያገር ጉዳይም የለበትም። አለቀ።

ሞረድ፦
ተስማምቻለሁ። ግን ወረቀት ይጨማደዳል። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሰንጢ፦
ሰሌዳው ከተሠራ ጠረጴዛም ይኑረው። ጠረጴዛ ከኖረ ሁለት መብራት።

መላጊያ፦
ተመልሻለሁ። ሰሌዳው ይሁን። ማስመሪያ ግን አሁንም ያብረቀርቃል።

መሰርሰሪያ፦
ተመስገን። ድጅኖ፣ ፎቶው የት ደረሰ?

መሰርሰሪያ፦
ድጅኖ?

ገንዘብ ያዥ፦
ሁሉንም አሁን ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ልበል። ጉዞ ደረሰኝ የለውም። አምና የጣሉን በዚያ ነው። በየገጠሩ ለሄድንበት መኪና ማን ደረሰኝ ቆርጦ ይሰጠናል? ጠረጴዛ ደረሰኝ አለው። መብራት ደረሰኝ አለው። የመስታወት ቁም ሳጥን ደረሰኝ አለው። እኔ የምፈርመው ደረሰኝ ላለው ነገር ነው።

ሰንጢ፦
ይኸው።

ምሳር፦
ቁም ሳጥን ከሆነ መሣሪያዎቹ ቢያንስ ማንም አይሞርዳቸውም። እስማማለሁ።

መላጊያ፦
ሰምቻለሁ።

ፋስ፦
ቆይ እንጂ። ሳጥን ሁለት ውስጥ ግማሽ ክብ የሆነ ጠፍጣፋ እንጨት አለ፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ጥርስ የወጣችበት። እኔ የበርሜል ሠሪ ይመስለኛል። የበርሜሉ ክዳን የሚቀረቀርባትን ቦይ በውስጥ በኩል የሚቆርጡበት። ርግጡን የሚነግራችሁ ግን አንድ ጓደኛዬ ነው፣ ዕድሜውን በርሜል ሲሠራ የኖረ። ዓይኑ ደክሟል። ፎቶ ብትልኩለት አያይም። እጁ ላይ ስታስቀምጡለት ነው የሚያውቀው። በጉዞ ነው ብላችሁኝ ነበር፣ እኔም እንመጣለን ብዬዋለሁ።

መሰርሰሪያ፦
ጋሼ፣ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት እናስገባዋለን።

ፋስ፦
እሱም ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያችሁ እንግዲህ።

ወስፌ፦
እኔ እሁድ እወስድለታለሁ ጋሼ፣ በራሴ። አድራሻውን በውስጥ ይላኩልኝ። የሳጥን ሁለት ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ጉጠት፦
ድጅኖ ጋ። ፎቶ ላነሳ ብሎ ወስዶታል።

ወስፌ፦
ስልኩን አያነሳም!

ምሳር፦
ማጠፊያውን መፍታት ይቻላል፣ ብሎኖቹ ከውጭ ናቸው። እኔ እመጣለሁ። መላጊያ መጋዘኑን ክፈትልን።

መላጊያ፦
ከሰዓት በኋላ ከሆነ።

መሰርሰሪያ፦
አራተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። ርዕሱ «የጥንት የእጅ መሣሪያዎች ማሳያ ቁም ሳጥን» ሆኗል። ጉዞ ወጥቷል፣ መብራት ገብቷል። መሣሪያዎቹን የመለየቱ ሥራ በመግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሷል። እስከ ነገ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ አስገባዋለሁ።

ሞረድ፦
የቁም ሳጥኑ ልክ የት አለ? ቁመትና ስፋቱ አልተጻፈም። በመጋዘኑ በር ይገባል?

ገንዘብ ያዥ፦
አናጺው ይለካዋል።

ሞረድ፦
በምን?