የምራቅ ዕጢ ቀዶ ሕክምና፦ በዕለቱ ማን ይሸኝ?

ጥያቄ፦ የፓሮቲድ ዕጢ (ከጆሮ ፊት ያለው ትልቁ የምራቅ ዕጢ) ለቆዳ የቀረበው ክፍል ብቻ የሚወጣላቸውን ታካሚዎች ሆስፒታል ሳናስተኛ በዕለቱ ለመሸኘት አስበናል። ማንን እንምረጥ?

መልስ 1፦ ኤኤስኤ (ከማደንዘዣ በፊት የታካሚ ጤና የሚመደብበት ደረጃ) 1 ወይም 2 የሆነ፣ ማለትም ጤነኛ ወይም ቀላል ሕመም ብቻ ያለበት፣ ዕብጠቱ ትንሽና ተንቀሳቃሽ፣ የፊት ነርቩም ጤነኛ የሆነ። ጥልቁ ክፍል ከተነካ ወይም የአንገት ንፍፊት አብሮ ከወጣ ይተኛ። ዕድሜ ብቻውን አያስቀርም።

መልስ 2፦ ከዕጢው በፊት ስለ ቤቱ ጠይቁ። ለ24 ሰዓት አብሮት የሚሆን አዋቂ አለ? ደም ቢቋጥር ቶሎ ሆስፒታል ይደርሳል? ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ይደር።

መልስ 3፦ ከመንጋጋ በታች ያለውን ዕጢም አትናቁት፤ እዚያ የሚቋጥር ደም የአየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል። የፓሮቲድ ታካሚ ደግሞ የፊት ነርቩ ተነክቶ እንደሆነ ለማወቅ ሳይሸኝ ዓይኑን መክደን መቻሉን እዩ፤ ካልቻለ የዓይን ጠብታና ቅባት ያስፈልገዋል። ድሬን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ) ይዞ የሚሄድ ከሆነ አስታማሚው ፈሳሹን መለካት ይልመድ።