«በአንድ ጊዜ ከ15 ሊትር በላይ አይቀዳ» ቢባል ሰልፉ ያጥራል ወይስ ይረዝማል?

አወያይ
ቤንዚን ሲጠፋ የሰልፉ ጭራ ዋናው አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ወዲያው «ለአንድ መኪና በአንድ ጊዜ 15 ሊትር ብቻ ይቀዳ፣ ለሁሉም ይዳረስ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ይሠራል ወይ? ስሌት ይዛችሁ ኑ። ቁጥሩ ግምት ከሆነም «ግምት ነው» በሉ።

ግብረ_መልስ
አይሠራም፤ ያባብሳል። ለስሌት እንዲመች በግምት አንድ ከተማ ላቁም፦ 300,000 የቤንዚን መኪና፣ የ45 ሊትር ሰልባትዮ፣ በቀን 5 ሊትር ፍጆታ። በደህናው ቀን ሾፌሩ 9 ሊትር ሲቀረው ይሄዳል፣ 36 ይሞላል፣ ከ7.2 ቀን በኋላ ይመለሳል። በከተማው በቀን 41,700 ያህል ምልልስ ማለት ነው። «ነዳጅ ሊጠፋ ነው» ሲባል ግን ገና ግማሽ እያለው ይሰለፋል። 22.5 ሊትር ቀድቶ በ4.5 ቀን ይመለሳል፤ ምልልሱ 66,700 ይደርሳል።

አንድም መኪና አንድ ኪሎ ሜትር አልጨመረም፤ የቀን ፍጆታው ያው 1.5 ሚሊዮን ሊትር ነው። የተለወጠው ነዳጁ የሚተኛበት ቦታ ነው። በየሰልባትዮው በአማካይ የሚገኘው ከ27 ወደ 33.75 ሊትር ያድጋል፤ በ300,000 ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ሊትር በላይ ከማደያ ወጥቶ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። በ45,000 ሊትር ቦቴ ሲቆጠር 45 ቦቴ ነው። ማደያው ይደርቃል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ያልፈራውም መፍራት ይጀምራል። ሲስተም ዳይናሚክስ (ክምችትንና ፍሰትን በሳጥንና በቀስት ሥሎ የሚያሰላ የሞዴል ዘዴ) የሚፈልገው ይህን ዓይነቱን ራሱን የሚያቀጣጥል ዑደት ነው። አሁን 15 ሊትር ገደብ ጨምሩበት፦ ሁሉም በየ3 ቀኑ ይመጣል፣ በቀን 100,000 ምልልስ።

ወረፋ_ቆጣሪ
እኔ ወደ ደቂቃ ልቀይረው። መጠጋት፣ ክዳን መክፈት፣ መክፈል፦ 3 ደቂቃ በሉት። 5 ሊትርም ተቀዳ 40 ይህ አይለወጥም። ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር ከሰጠ፣ 36 ሊትር 4.2 ደቂቃ፣ 22.5 ሊትር 3.75፣ 15 ሊትር 3.5 ደቂቃ ይፈጃል። የተቀዳው ከግማሽ በታች ወረደ፣ ፓምፑ የተያዘበት ጊዜ ግን እምብዛም አልቀነሰም።

250 ፓምፕ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 240,000 ደቂቃ አለን። ደህናው ቀን 175,000 ይጠይቃል፣ 73 በመቶ። የድንጋጤው ቀን 250,000፣ 104 በመቶ። ገደቡ 350,000፣ 146 በመቶ። ልብ በሉ፣ በደህናው ቀን ከፓምፖቹ ግማሹን ብትዘጉም የምታገኙት ያንኑ 146 በመቶ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኔትወርክ ተጨናንቆ ክፍያው አንድ ደቂቃ ቢጨምርስ? የደህናው ቀን ጫና ወደ 90 በመቶ ይወጣል፤ እያንዳንዱን ፓምፕ ለብቻው በቀላሉ የወረፋ ቀመር ብናሰላው አማካይ ጥበቃው ከ11 ወደ 48 ደቂቃ ይዘልላል። ሰዉ ሊትር ሊትር ይላል እንጂ ሰልፉን የሚሠራው ደቂቃው ነው።

ቦቴ
ሁለታችሁም ከማደያው አጥር አትወጡም። አገሪቱ ነዳጇን የምታስገባው በዋናነት በጂቡቲ በኩል ነው፤ መንገዱም ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 1.5 ሚሊዮን ሊትር በቀን 33 ያህል ቦቴ ነው። ደርሶ መልሱ 6 ቀን ከፈጀ 200 ቦቴ ይበቃል። መጫኛው ላይና ኬላ ላይ ቆሞ 8 ቀን ከሆነ ግን 267 ያስፈልጋል። 200 ብቻ ካለህ በቀን የሚገባው 25 ቦቴ ነው፤ 375,000 ሊትር ይጎድላል። ይህ ፍርሃት አይደለም፣ እውነተኛ እጥረት ነው። የትኛው ቦቴ ወደ የትኛው ማደያ ይሂድ የሚለውም የሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በተወሰነ አቅም የተሻለውን ድልድል የሚፈልግ ስሌት) ጥያቄ ነው፤ የዑደት ሥዕል አይመልሰውም።

ገደቡም ጥቅም አለው። ሾፌሩ 9 ሊትር ሲቀረው መጥቶ 15 ብቻ ከቀዳ፣ በሰልባትዮው በአማካይ የሚገኘው 16.5 ሊትር ነው። ከ27 ሲቀነስ 10.5፤ በጠቅላላው 3.15 ሚሊዮን ሊትር ለገበያ ይለቀቃል። በክፉ ቀን 70 ቦቴ ቀላል ነው?

ግብረ_መልስ
ስሌትህ ልክ ነው፤ ግን ሾፌሩ 9 ሊትር እስኪቀረው ከታገሠ ብቻ። ገደቡ ራሱ «ነዳጅ የለም» የሚል አዋጅ ነው። በ22.5 ላይ ተሰልፎ 15 ቢቀዳ አማካዩ 30 ይሆናል፣ ከደህናው ቀን በላይ። መለያው ነጥብ 19.5 ሊትር ነው፤ ሰዉ ከዚያ በላይ እያለው መሰለፍ ከጀመረ የ70 ቦቴህ ትርፍ ወደ ኪሳራ ዞሯል። ከዚያ በታች ቢሆን እንኳ ትርፉ የአንድ ጊዜ ነው፤ የ100,000 ምልልሱ ጣጣ ግን የየቀኑ ነው።

ተጠራጣሪ
መቼ እንደሚሰለፍ ማን ለካው? «ፍርሃት» የሚል ሳጥን ሥላችሁ፣ ከሰልፍ ወደ ፍርሃት ቀስት ሰድዳችሁ፣ ሰልፍ ሲረዝም ፍርሃት ስንት እንደሚያድግ የሚያሳየውን ኩርባ ደግሞ ከራሳችሁ ታመጣላችሁ። ኢኮኖሚስቱ ኖርድሃውስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) የሲስተም ዳይናሚክስ መሥራች የሆነውን የፎረስተርን የዓለም ሞዴል የተቸው በዚሁ ነበር፤ ግንኙነቶቹ በዳታ አልተመረመሩም ብሎ። በቂ ማስተካከያ ከተሰጠው ሞዴል የማይመስለው ኩርባ የለም።

ግብረ_መልስ
ትችቱ ተገቢ ነው፤ ኩርባውን በመቶኛ ትክክል ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑት። ግን «አልተለካም» ብሎ መተውም ቁጥር መስጠት ነው፤ ፍርሃት ዜሮ ነው እንደ ማለት። መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ በመጀመሪያ መለኪያዎቹ ይጣጣሙ፣ ሊትር በቀን ከሊትር ጋር አይደመር። ቀጥሎ ጽንፉን ሞክር፤ የሚገባው ነዳጅ ዜሮ ሲሆን የማደያው ክምችት ከዜሮ በታች ከወረደ ሞዴሉ ስህተት ነው። ከዚያ የፍርሃቱን ኩርባ ግማሽና እጥፍ አድርገህ አሂድ። የፖሊሲዎቹ ደረጃ ካልተገለባበጠ ኩርባውን በትክክል አለማወቅህ ውሳኔውን አያበላሸውም። ከተገለባበጠ ግን እጅ ስጥና ሂድ ለካ። ዳታው ሩቅ አይደለም፤ ክፍያው በስልክ ከሆነ በአንድ ግዢ ስንት ሊትር እንደተቀዳ የየቀኑ አማካይ ይገኛል። ከ36 ወደ 22 ሲወርድ ካየህ ፍርሃቱን ለካኸው ማለት ነው።

ወረፋ_ቆጣሪ
የኔንም ድክመት ልናዘዝ። ጫናው ከ100 በመቶ ካለፈ የወረፋ ቀመር መልስ የለውም፤ የሚያውቀው የተረጋጋ ሁኔታን ብቻ ነው። በ104 በመቶ በቀን 2,700 ያህል መኪና ሳይቀዳ ይመሻል፤ ነገ ያው ተመልሶ ይሰለፋል። እዚያ ላይ የእናንተ የክምችትና ፍሰት ሒሳብ ይሻላል። የእናንተ ደግሞ አማካይ ብቻ ያያል፤ አንዱ ማደያ ደርቆ ሌላው ሞልቶ ቢውል «በአማካይ ደህና ነው» ይላል።

ማገናኘት ይቻላል። የናንተ ሞዴል በየግማሽ ቀኑ የምልልሱን ብዛት ያወጣል፤ መኪናን አንድ በአንድ የሚከተል ሲሙሌሽን ያንን በየማደያው አሰልፎ የጥበቃ ሰዓት ይመልሳል፤ ያ ሰዓት በሁለት ቀን መዘግየት ወደ ፍርሃቱ ይገባል። የሚበላሸው የጊዜ እርምጃው (ሞዴሉ በአንድ ስሌት ወደፊት የሚራመደው ጊዜ) ላይ ነው። ከአጭሩ መዘግየት ሩብ መብለጥ የለበትም፤ የሁለት ቀን መዘግየት ካለ እርምጃው ግማሽ ቀን ነው። ሁለት ቀን ካደረግኸው በከተማው የሌለ ማዕበል ስክሪኑ ላይ ታያለህ፣ ለሱም ፖሊሲ ትጽፋለህ።

ቦቴ
እሺ፣ ገደቡን ጣልነው እንበል። ምን ይተካው? በ1979 (እ.ኤ.አ.) በኢራን አብዮት ሰሞን ካሊፎርኒያ ጎዶሎና ሙሉ የሰሌዳ ቁጥርን በየተራው ቀን ማስቀዳት ጀምራ ነበር።

ግብረ_መልስ
በየ7 ቀኑ የሚቀዳውን ተራ አይነካውም፤ የፈራው ግን «ዛሬ ካለፈኝ» ብሎ ሦስት አራተኛ እያለውም ይሰለፋል። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ከተራው ጋር ዝቅተኛ የግዢ መጠን ጨምራ ነበር፤ ጥቂት ሊሞላ የመጣ አይቀዳለትም። ያ ከዑደቱ ጋር ይሄዳል። ለምሳሌ ቢያንስ 30 ሊትር ቢባል 50,000 ምልልስ፣ ጫናው 83 በመቶ።

ሰሌዳ_3
ይህን የምትሉት ባጃጅ ስለማትቆጥሩ ነው። የባጃጅ ሰልባትዮ 30 ሊትር አይይዝም። የታክሲ ሾፌር ደግሞ የጠዋቱን ገቢ ይዞ ከሰዓት ነው የሚቀዳው፤ የ30 ሊትር ዋጋ በእጁ የለም። ሞዴላችሁ ውስጥ ሁሉም በቀን 5 ሊትር ያቃጥላል፤ ታክሲው ግን 25 ሊትር ሊፈጅ ይችላል። በ15 ሊትር ገደብ በቀን ሁለቴ ሊሰለፍ ነው? ገደቡን የሚያወጡትም ስለ ሰልፉ ብቻ ብለው አይደለም፤ ቀድቶ፣ በጀሪካን ገልብጦ ሸጦ የሚመለሰውን ለመያዝ ነው።

ወረፋ_ቆጣሪ
ቸርቻሪውን ለመያዝ ከሆነ በምልልስ መገደብ የተሳሳተ ቦታ ነው፤ እሱ መመላለሱ ሥራው ነው፣ የሚጎዳው ሌላው ነው። በሰሌዳ ሳምንታዊ ኮታ ይሁን፦ ለቤት መኪና 40 ሊትር፣ ለታክሲ 175፣ ለባጃጅ በልኩ፤ በፈለገው ምልልስ ይቅዳ። ምልልሱ አይጨምርም፣ ጀሪካኑም ጣሪያ ያገኛል።

ቦቴ
ያልተቀዳ ኮታ ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ካልተላለፈ እሁድ ማታ ሁሉም ሊሞላ ይወጣል።

ወረፋ_ቆጣሪ
ልክ ነህ። ይተላለፍ፣ ወይም ሳምንቱ እንደ ሰሌዳው መጨረሻ ቁጥር በተለያየ ቀን ይጀምር።

ተጠራጣሪ
ኮታውስ አይሸጥም? የቆመ መኪና ሰሌዳም 40 ሊትር አለው።

ሰሌዳ_3
ይሸጣል። ለዚያ ቀስት ሥላችኋል?

ግብረ_መልስ
አልሣልኩም። ነገ እጨምራለሁ፤ የቆሙት መኪኖች ስንት እንደሆኑ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ መለካት የሚከብደው እሱ ነው።