ቱርኒኬት ከታሰረ በኋላ በየ15 ደቂቃው ይላላል?

ጠያቂ፦ ወርክሾፕ ኃላፊ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለብረታ ብረት ወርክሾፓችን ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ የሚታሰር ማሰሪያ) ልንገዛ ነው፤ ግራይንደር ክንድ ወይም ጭን ቢቆርጥ ለማለት ነው። የት ላይ ነው የሚታሰረው? በየ15 ደቂቃው ላላ መደረግ አለበት የሚሉ ሠራተኞች አሉ፤ እውነት ነው? ዕቃው ካልተገኘስ ቀበቶ ይሆናል?

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ
በፍጹም አይላላም! ድሮ እንደዚያ ይባል ነበር። በላላ ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም ይፈታል፣ ተጎጂው የተረፈችውን ደም በጥቂት በጥቂቱ ይጨርሳል። አንዴ ካሰራችሁት የሚፈታው ሐኪም ነው። እስከ 2 ሰዓት ቢቆይ እጅና እግር ያሳጣል ተብሎ ብዙ አይሰጋም። ከታሰረ ከ6 ሰዓት በላይ ካለፈው ግን ከሆስፒታል ውጭ ማንም አይነካውም።

ቁስሉን በጨርቅ አጥብቆ መጫን ብዙውን ደም ያቆማል። ደሙ እየተፈናጠረ ከሆነ፣ መሬት ላይ ካቆረ ወይም አካሉ ከተቆረጠ ግን ጊዜ አታባክኑ፤ በቀጥታ እሰሩ። ቦታው ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ በልብ በኩል ነው። ጉልበትና ክርን ላይ አይሆንም። ቁስሉ በልብስ ተሸፍኖ ካልታየ እስከ ብሽሽት ወይም ብብት ከፍ አድርጋችሁ በልብሱ ላይ እሰሩ፤ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክና ቁልፍ ግን አውጡ።

መልስ፦ የአምቡላንስ ባለሙያ
ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጥበቁ ላይ ነው። ለዘብ ተደርጎ የታሰረ ቱርኒኬት ካለመታሰር ይብሳል፤ ደም መልሱን ይዘጋና ደም ቅዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ መድማቱም ይጨምራል። ዘንጉን (ማሰሪያውን እየጠመዘዘ የሚያጠብቀውን ዱላ) ከማዞራችሁ በፊት ማሰሪያውን ጣት እስከማያስገባ ድረስ ሳቡት። ከዚያ ደሙ እስኪቆምና ከታች ያለው የደም ትርታ እስኪጠፋ አዙሩ፣ ዘንጉን ቆልፉ። በጣም ያማል። ተጎጂው «ፍቱልኝ» እያለ ቢለምንም አትፍቱ። ጭን ወፍራም ስለሆነ አንዱ ላይበቃ ይችላል፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አጠገብ ከፍ አድርጋችሁ ጨምሩ። ስለዚህ ሁለት ግዙ።

የታሰረበትን ሰዓት በማርከር ማሰሪያው ላይ ጻፉ፣ «ቀን 8፡20» እያላችሁ። «8፡20» ብቻ ከሆነ ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል፤ የ6 ሰዓት ስሕተት እዚህ ላይ ቀላል አይደለም።

መልስ፦ የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጣኝ
ቀበቶ ደረቅ ስለሆነ በደንብ አይጠብቅም። ሽቦና የጫማ ክር ቆዳና ነርቭ ይጎዳሉ። ዕቃው ከሌለ ነጠላ ወይም ሻርፕ 5 ሳ.ሜ ያህል እንዲሰፋ አጣጥፉ፣ አንድ ጊዜ ቋጥሩ፣ ጠንካራ ካቻቢቴ አስቀምጡበት፣ በላዩ ደግማችሁ ቋጥሩና ጠምዝዙ። ደሙ ሲቆም ካቻቢቴው እንዳይመለስ እሰሩት። እስክሪብቶ ይሰበራል።

ቁስሉ ራሱ ብሽሽት፣ ብብት ወይም አንገት ላይ ከሆነ ቱርኒኬት አይሠራም፤ ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ፣ ሳትገልጡ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተጫኑ። ለእባብ ንክሻም አታስሩ፤ ጉዳቱ ይብሳል።

ርካሹን አስመስሎ የተሠራውን አትግዙ፣ ዘንጉ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። መለማመጃውን ለብቻው አድርጉ፤ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ያልተሠራበት ይሁን፣ የተጠቀለለበት ላስቲክም አስቀድሞ ይውጣለት። በደም በራሰ እጅ ላስቲክ መቅደድ ከባድ ነው።