የማቴይኮ ነገሥታት ከመማሪያ መጽሐፍ ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

ክርክር ከፋች፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬው ጉዳይ የፖላንድ ነው። ያን ማቴይኮ የሚባለው የክራኮቭ ሠዓሊ ከ1890 እስከ 1892 (በአውሮፓውያኑ) 44 የፖላንድ ነገሥታትና መሳፍንትን በእርሳስ ሣለ። እዚያ አገር እስከ ዛሬ ስለ ድሮ ንጉሥ ሲወራ ሰው ዓይን ላይ ድቅን የሚለው የሱ ሥዕል ነው። ችግሩ ግን ብዙዎቹ መልካቸው አይታወቅም። በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው የፖላንድ ገዥ ሚየሽኮ አንደኛ የተጠመቀው በ966 ነው፣ በዘመኑ የተሣለ እውነተኛ መልኩ የለም። ታዲያ ልጆች የፈጠራ ፊት እንደ ታሪክ ይማሩ? እኔ ከመጽሐፉ ይውጣ ባይ ነኝ።

የሥዕል ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ድምዳሜህ ግን ፈጠነ። ሰውየው ዝም ብሎ ከጭንቅላቱ አላወጣቸውም። ገና በወጣትነቱ፣ በ1860፣ ስለ ድሮ የፖላንድ አለባበስ የሥዕል ስብስብ አሳትሟል። በ1869 ደግሞ ክራኮቭ ባለው ቫቬል ካቴድራል ውስጥ ጥገና ሲደረግ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ የታላቁ ካዚሚየሽ መቃብር ሳይታሰብ ተከፈተ። ማቴይኮ እዚያው ተገኝቶ አፅሙን፣ ዘውዱን፣ በትረ መንግሥቱን በእርሳስ መዘገበ። ዘውዱ በወርቅ የተለበጠ መዳብ ነበር። እንዲህ የደከመን ሰው ፈጣሪ ብቻ ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

ክርክር ከፋች፦ ድካሙን መች ካድኩ? የኔ ስጋት እንዲያውም እሱ ነው። ዘውዱና ካባው በጥናት የተሠራ ሲሆን ሰው ፊቱንም አብሮ ያምናል።

የታሪክ መምህር፦ ዘመኑን አትርሱ እንጂ። ፖላንድን ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተቃርጠው በ1795 ከካርታ አጥፍተዋታል። ማቴይኮ በ1838 ተወልዶ በ1893 ሲሞት ፖላንድ የሚባል ነፃ መንግሥት አላየም። መንግሥት የሌለው ሕዝብ ከሚየሽኮ እስከ መጨረሻው ንጉሥ ተራ በተራ የተሰለፉ ፊቶችን ሲያገኝ ለሱ ጌጥ አይደለም፣ የት እንደነበረ ማስረጃው ነው። ደግሞ ነገሥታትን እያሞካሸ ብቻ የሣለ እንዳይመስላችሁ። በ1866 የሣለውን «ሬይታን» እዩት። የአገሪቱ ክፍፍል ሊጸድቅ ነው፣ የምክር ቤት አባሉ ሬይታን በር ላይ ተዘርግቶ ደረቱን ከፍቶ «በኔ ላይ ተራመዱ» የሚል ይመስላል። የመጨረሻው ንጉሥ ስታኒስዋፍ አውጉስት ከኋላ የኪስ ሰዓት ይዞ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የማን ምስል ነው? የሩሲያዋ ንግሥት የዳግማዊት ካትሪን! አገር ማን እጅ እንደገባች በዚያ አንድ ምስል ነገረን። ብዙ መኳንንት ተናደዱበት፣ ሥዕሉን ግን የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ገዛው።

ቪልኒየስ (የሊቱዌንያ ዋና ከተማ) የኖርኩ፦ መምህር፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የማን ማንነት ነው የተገነባው? ከ44ቱ ውስጥ ያጊየዎ የሊቱዌንያ ሰው ነው፣ ባቶሪ ከትራንሲልቫንያ የመጣ ነው፣ ቫሎይስ ፈረንሳዊ፣ ሁለቱ አውጉስቶች ደግሞ የሳክሶኒ ሰዎች። አንድ መስመር ላይ ሲሰለፉ ሁሉም ፖላንዳዊ ሆነው ቁጭ አሉ። ፖላንድና ሊቱዌንያ አንድ መንግሥት የሆኑበትን የ1569ኙን የሉብሊን ኅብረት እንደ ትልቅ በዓል አድርጎ ሥሎታል፣ ብዙ ሊቱዌንያዊ ግን የሚያስታውሰው አገሩ የተዋጠችበት ቀን አድርጎ ነው።

የሥዕል ወዳጅ፦ እህቴ፣ ፖላንድና ሊቱዌንያ አብረው የጀርመን ባላባቶችን በ1410 ያሸነፉበትን ጦርነት የሚያሳየውን «ግሩንቫልድን» ግን አይተሽዋል? ወደ አስር ሜትር የሚጠጋ ሸራ ነው፣ በ1878 ያለቀ። መሐሉ ላይ ቀይ ለብሶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚታየው ሊቱዌንያዊው ቪታውታስ ነው። የፖላንዱ ንጉሥ ያጊየዎ ራቅ ብሎ ከላይ ጥግ ላይ ነው፣ ካልፈለግሽው አታገኚውም። ሌላውን ለመዋጥ የፈለገ ሰው እንዲህ አይሥልም።

ቪልኒየስ የኖርኩ፦ እሱን እቀበላለሁ። የሉብሊኑ ላይ ግን ቃሌን አላነሳም።

ክርክር ከፋች፦ መምህር ያሉት ገብቶኛል። ስለዚህ ሐሳቤን ላስተካክል፦ ሥዕሎቹ ይቆዩ፣ ግን ብቻቸውን አይሁኑ። ከማቴይኮ ካዚሚየሽ ጎን ቫቬል መቃብሩ ላይ የተቀረጸው የድንጋይ ምስሉ ይታተም። ከስታኒስዋፍ አውጉስት ጎን የቤተ መንግሥት ሠዓሊው ባቻሬሊ ንጉሡ በሕይወት እያለ የሣለው ይግባ። ሚየሽኮ ሥር ደግሞ «መልኩ አይታወቅም፣ ይህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ግምት ነው» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ። ልጁ አስተያይቶ ራሱ ይፍረድ።

የታሪክ መምህር፦ ለመጽሐፍ እስማማለሁ፣ ነገ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ገንዘቡንስ ምን ልታደርገው ነው? ሚየሽኮ እኮ በፖላንድ የ10 ዝሎቲ የወረቀት ገንዘብ ላይ አለ፣ ፊት ተሰጥቶት።

ክርክር ከፋች፦ እሱም ቢሆን ይቀየር ባይ ነኝ፣ ፊቱ ወጥቶ ከዘመኑ የተገኘ ዕቃ ይግባ።

የታሪክ መምህር፦ እዚያ ላይ አንስማማም። በየኪሱ ያለውን ፊት ሕዝቡ ለምዶታል፣ የሚነጥቀው ሰው ምክንያቱን ለሕዝቡ ማስረዳት አለበት።