እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ሕመሙ ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦
ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ከያዘኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። በመድኃኒቱ የጣቶቼ እብጠት ጎድሏል፤ የደም ምርመራውም ብግነቱ መርገቡን ያሳያል። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ሌሊት ብርድ ልብሱ እጄን ሲነካው እንኳ እባንናለሁ። አንድ ሐኪም «ውጤትዎ ጥሩ ነው» ብለው ሲያሰናብቱኝ፣ ሕመሙ ከራሴ ሐሳብ የመጣ እንዳይሆን መጠራጠር ጀመርኩ። ብግነቱ ያለው መገጣጠሚያዬ ላይ ከሆነ፣ እሱ ሲበርድ ሕመሙ ለምን አይበርድም?

መልስ 1፦
ሕመሙን እርስዎ አልፈጠሩትም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። ብግነት በተነሳበት ቦታ ተወስኖ አይቀርም። የመከላከያ ሴሎች የሚያመነጯቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖች፣ ከእነዚህም መካከል ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ፣ ከውስጥ አካላት ወደ አንጎል በሚሄደው በቬገስ ነርቭም በደምም በኩል መልእክታቸውን ወደ አንጎል ያደርሳሉ። በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች በዚህ ተነሳስተው ፕሮስታግላንዲን የሚባል መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ በብግነት ጊዜ የሚመጣው ትኩሳትም ከዚሁ ነው። መልእክቱ የደረሰው አንጎል ለሕመምም ይበልጥ ንቁ ይሆናል። ኃይለኛ ጉንፋን የያዘው ሰው ጸጉሩን ሲያበጥር እንኳ የራስ ቆዳው የሚያመው ቆዳው ስለቆሰለ አይደለም። ጤነኛ ፈቃደኞች ኢንዶቶክሲን የተባለውን የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል በጥቂቱ ተወግተው በተጠኑበት ጊዜ፣ አካላቸው ላይ አንዳች ጉዳት ሳይኖር ቀድሞ ይችሉት የነበረው ግፊት ያማቸው ጀመር።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው ላይ የእርስዎን ሕመም በቀጥታ የሚመለከት ነገር ልጨምር። በ2011 በታተመ ጥናት፣ ጥቂት የሩማቶይድ ታማሚዎች ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ከተሰጣቸው ከ24 ሰዓት በኋላ፣ የታመመ ጣታቸው ሲጫን አንጎላቸው የሚያሳየው ምላሽ ቀንሶ ተገኝቷል፤ እብጠቱ ግን ገና እንዳለ ነበር። እብጠትና ሕመም እኩል እንደማይራመዱ ከዚህ ይታያል። የእርስዎ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ለረጅም ጊዜ የሕመም መልእክት ሲጎርፍባቸው የኖሩ የኅብለ ሰረሰርና የአንጎል ነርቮች ከመጠን በላይ ንቁ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሥርዓቱ የመከላከያ ሴሎችም ይህን ንቃት ሊያራዝሙት ይችላሉ። የደም ምርመራ ይህን አያሳይም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ መድኃኒቱን መቀጠሉ ጥቅም አለው?

መልስ 2፦
በሚገባ አለው፤ መገጣጠሚያዎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው እሱ ነውና በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት። ነርቭ ላይ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት፣ ቀስ በቀስ የሚጨመር እንቅስቃሴና የእንቅልፍ ሕክምና ሊታከሉበት ይችላሉ፤ እንቅልፍ ማጣት አንጎል ሕመምን የሚገታበትን አቅም ያዳክማልና። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ያመኛል» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ የብርድ ልብሱን ነገር እንዳለ ይንገሯቸው። ቀላል ንክኪ ማሳመሙ የነርቮቹን ከመጠን ያለፈ ንቃት ለሐኪም የሚጠቁም ምልክት ነው።