ለውዝዋዜ ክላስ ምን አይነት ወለል ይሻላል? (ቸርችል፣ ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ)

የትከሻ_ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ባህላዊ ውዝዋዜ ምናስተምር ትንሽ ቡድን ነን፣ ከህፃናት እስከ ትልልቅ ሰው አለን፣ ፒያሳ የነበረው አዳራሻችን ለልማት ስለተነሳ መሀል ከተማ ሌላ ቤት እየፈለግን ነው። ሶስት ቦታ አይተናል። አንዱ ቸርችል ጎዳና ጀርባ ግራውንድ ላይ ነው፣ ሰፊ ነው ብርሃንም አለው ግን ወለሉ በሙሉ ሴራሚክ ነው። ሁለተኛው ሜክሲኮ አካባቢ ሶስተኛ ፎቅ፣ ቢሮ የነበረ፣ ኮንክሪቱ ላይ ፓርኬ ተለጥፎበታል በጣም ያምራል። ሶስተኛው አራት ኪሎ ያለ የድሮ ቤት ነው፣ የጣውላ ወለል፣ ስትረግጡት ትንሽ ይረግባል ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፣ ባለቤትየዋ ደሞ በሰም እያሹ ነው ሚይዙት። እስክስታ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር ምክንያቱም ዋናው ስራ ትከሻ ላይ ነው፣ ግን ጉራጊኛ አለ፣ ኦሮምኛውም ዝላይ አለው፣ እና ተማሪዎቼ ጉልበቴን ቅልጥሜን ማለት አብዝተዋል። ውበቱ ይቅር ለእግራቸው ሚሻለውን ንገሩኝ። ቤቱ ኪራይ ስለሆነ ብዙ ብር ማፍሰስ አንችልም።

ፊዚዮ_አዲስ፦
እህቴ ስለ እግራቸው ማሰብሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ቦታ ሚታየው መስታወቱና ስፒከሩ ነው። ሰው ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ላይ ሚመጣው ጫና ከክብደቱ እጥፍ በላይ ነው፣ ጉራጊኛ ላይ ደሞ ይሄ ያለ እረፍት ይደጋገማል። ወለሉ ረገብ ካለ የተወሰነውን እሱ ይውጠዋል፣ ካልረገበ ሁሉም ተመልሶ ቅልጥምና ጉልበት ላይ ነው። ስለዚ ሴራሚኩና ፓርኬው ለእግር ብዙም አይለያዩም፣ ፓርኬው ከኮንክሪቱ ጋር በማጣበቂያ ስለተያያዘ ላዩ እንጨት ይሁን እንጂ ልጆቹ ሚያርፉት ኮንክሪት ላይ ነው። አውሮፓ ለቤት ውስጥ ስፖርት ወለል ያወጡት ደረጃ (ኢኤን 14904) ወለሉ ከኮንክሪት ጋር ሲነፃፀር ከ25 እስከ 75 ፐርሰንት የሚሆነውን ምት እንዲቀንስ ይጠይቃል። ግን በጣም ለስላሳም አይሁን! ወፍራም ስፖንጅ ላይ ቁርጭምጭሚት ይዞራል፣ የቴኳንዶ ምንጣፍ ላይ ደሞ እግር ይይዝና ሰውነት ሲዞር ጉልበት ይጠመዘዛል፣ ለህፃናት ማሟሟቂያ ይሁን እንጂ መዞር ላለበት ጭፈራ አልመክርም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ህመሙ ቅልጥም ላይ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ሆኖ በጣት ሲነካ ሚያመው ወይ ተኝቶም ሚያመው ተማሪ ካለሽ ዝላይ አቁሞ ሀኪም ይየው፣ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ኮለን_እና_ቢም፦
የሜክሲኮውን ከወለሉ በፊት እንደ ህንፃ እዩት። እዚ ሀገር በ2015 (በፈረንጅ) የወጣው የህንፃ ዲዛይን ኮድ የአውሮፓውን የተከተለ ነው፣ በሱ መሰረት ለመኖሪያ ቤት በካሬ 200 ኪሎ ገደማ፣ ለቢሮ 300 ገደማ፣ ለጭፈራና ለጂም ደሞ 500 ገደማ ነው ሚታሰበው። ቢሮ ተብሎ የተሰራ ፎቅ ላይ ሃያ ሰላሳ ሰው በአንድ ከበሮ በአንድ ምት ሲዘል ክብደቱ ብቻ አይደለም ነገሩ፣ ምቱ ከወለሉ የራሱ ንዝረት ጋር ከገጠመ እየጨመረ ነው ሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሶል ከተማ ባለ 39 ፎቅ ህንፃ ተወዛውዞ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፣ ሲጣራ ምክንያቱ 12ኛ ፎቅ ጂም ውስጥ በሙዚቃ እየዘለሉ ስፖርት ሚሰሩ ሰዎች ናቸው ተባለ። ህንፃውን ዲዛይን ያደረገ ኢንጂነር በፅሁፍ ይቻላል ካላለ እኔ ልጆች ይዤ አልወጣም። ታች ያለው ተከራይም አያስቀምጣችሁም።

ጣውላና_ሚስማር፦
አናጢ ነኝ። የአራት ኪሎው ከስር ደህና ከሆነ ከሶስቱም እሱ ነው ሚሻለው፣ የድሮ ቤቶች ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ ሞራሌ ላይ ስለተመታ በራሱ ይረግባል። ግን ከስሩ ሳታዪ እንዳትፈርሚ። አንድ ሁለት ጣውላ አስነሺና ሞራሌውን በካቻቪቴ ውጊው፣ ጫፉ እንደ ቂጣ ከገባ በስብሷል ወይ ምስጥ በልቶታል ተይው። ብቅ ያለ ሚስማር ካለ ይመታ፣ ባዶ እግር ነው ምትጨፍሩት።
እሱ ካልሆነ ቸርችል ገብታችሁ ሴራሚኩ ላይ ተነቃይ ወለል አሰሩ። ጠጠር ያለ ስፖንጅ እንደ ሳሙና ቆርጠሽ በየ30 ሳንቲሙ ፕላይውዱ ስር ይለጠፋል፣ 12 ሚሊ ፕላይውድ ሁለት ድርብ፣ ሁለተኛው ድርብ የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ እንዲሸፍን ተሻግሮ ይገጠማል፣ እርስ በርሱ በቪቴ ይታሰራል እንጂ ከቤቱ ወለል ጋር በጭራሽ እንዳይያያዝ። የቪቴው ራስ ይቅበር። ከግድግዳ አንድ ሳንቲም ሚያህል ይራቅ፣ እንጨት በክረምት ያብጣል። ፕላይውድ 1.22 በ2.44 ስለሆነ ለ6 በ8 ክፍል አንዱ ድርብ 17 ገደማ ይፈጃል። ቺፑድ ግን አይሆንም፣ ውሃ ሲነካው ያብጥና ይፈረፈራል። ስትለቁ ቪቴውን ፈታችሁ ጭናችሁት ትሄዳላችሁ፣ ለኪራይ ቤት ደግነቱ ይሄ ነው።

መድረክ_ላይ፦
ሰሙን አስቁሚ በናትሽ፣ ሰም በተቀባ ጣውላ ላይ በካልሲ መዝለል አደጋ ነው። ያለውን አስፍቀሽ በደረቅ መወልወያ ብቻ ያዙት። ፕላይውዱ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ካነጠፍሽ ሚያብለጨልጨውን ሳይሆን ደብዘዝ ያለውን ግዢ፣ ጠርዙም በቴፕ ይያዝ። መድረክ ሲያንሸራትት ኮካ በውሃ በጥብጠው ሚወለውሉ አሉ፣ ለአንድ ምሽት ይሰራል፣ ለክላስ ግን አቧራ ይሰበስባል። በዓል ላይ ቄጠማ ቡናው ጋር ብቻ ይጎዝጎዝ፣ መጨፈሪያው ላይ እርጥብ ቄጠማ ያንሸራትታል።

የትከሻ_ልጅ፦
በጣም ነው ማመሰግነው ሁላችሁንም፣ ሜክሲኮን ትተነዋል። ቅዳሜ አራት ኪሎ አናጢ ይዤ እሄዳለሁ፣ እማማ ጣውላ ማስነሳቱን እሺ ብለዋል። እምቢ ካለ ቸርችል፣ ውሉ ላይም ወለሉ የኛ ነው ስንወጣ እንወስደዋለን ብለን እናፅፋለን። ፕላይውዱን አሁን በክረምቱ ብንገዛው ችግር አለው?

ጣውላና_ሚስማር፦
የለውም፣ ግን ከመቆረጡ በፊት ጥቂት ቀን እዛው ክፍል ውስጥ ደርድሩትና ያየሩን ፀባይ ይልመድ፣ ግራውንድ ስለሆነ ደሞ ከስር ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ እርጥበት እንዳይወጣበት።