ቤዝመንት ውስጥ ፖል ዳንስ ላስተምራቸው ወይስ ይቅር?

ጤናአዳም

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ስቱዲዮ ገብቼ ፖል ዳንስ፣ ማለትም በቆመ ብረት (ፖል) ላይ እየወጡና እየዞሩ መደነስ፣ መማር ከጀመርኩ ቆየሁ። መውጣቱ፣ ፋየርማን ስፒንና ቼር ስፒን የሚባሉት ፖሉን ይዞ መዞሮች፣ ፖሉ ላይ በጭን መቀመጥ፣ እነዚህ እሺ ብለውኛል። ኢንቨርት ግን ገና ነው። ተገልብጬ እግሬን ወደ ላይ ላውጣ ስል አስተማሪዬ አጠገቤ ካልቆመች አታስሞክረኝም።

አሁን የአክስቴ ልጅና ጓደኞቿ "አንቺ እያለሽ ለስቱዲዮ ማን ይከፍላል፣ አስተምሪን" ብለው ይዘውኛል። የአክስቴ ቤት ቤዝመንት ሰፊ ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ቤቱን ደግፎ የያዘ የብረት ምሰሶ አለ። "ፖሉማ ተተክሎ እየጠበቀን ነው" እያሉ ይስቃሉ።

በዛ ምሰሶ መለማመድ ይቻላል? ካልተቻለ ኦንላይን ከሚሸጡት፣ ወለልና ጣሪያ መሀል ከሚወጠሩት አንዱን ብንገዛስ? ሌላው ጥያቄዬ፣ ሰው ሲገለበጥ አጠገቡ የሚቆመው ሰው በትክክል ምንድነው ሥራው? አስተማሪዬ ስታደርገው ዝም ብላ የቆመች ነው የሚመስለው። እና ደግሞ የቀኝ ትከሻዬ ከላይ በኩል ይወጋኛል፣ በተለይ ስፒን ላይ። ሲለምድ ይተዋል ወይስ ልረፍ? እናቴ ወጌሻ ጋር ካልወሰድኩሽ ብላ ቆማለች።

ስለ ጨዋነት ልትመክሩኝ የምትገቡ ካላችሁ እሱን ከእናቴ ጠግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ፖል_ለንደን

እህቴ፣ እኔ እዚህ ለንደን ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ከምሰሶው ልጀምር፣ ሳነበው የደነገጥኩት እሱን ነው። አይሆንም። የቤዝመንት ምሰሶ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ወደ 9 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ስቱዲዮ የምትይዢው ፖል አብዛኛውን ጊዜ 45 ሚሊሜትር ነው፣ ለውድድርም የሚጠቀሙት እሱን ነው። እጥፍ ልዩነት አለው ማለት ነው። ጣቶችሽ ዞረው ወደ አውራ ጣትሽ ካልቀረቡ ብረቱን ተደገፍሽው እንጂ አልያዝሽውም። ምሰሶው ደግሞ ቀለም የተቀባ ነው፣ አንዴ ቆዳሽን ይዞ ይልጥሻል፣ አንዴ ያንሸራትትሻል። ከዚህ ሁሉ በላይ የተሰራው ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ጭነት እንዲሸከም ነው። ሰው ሲዞርበት ወደ ጎን ነው የሚጎትተው። በብሎን የሚረዝምና የሚያጥር ዓይነት ከሆነማ የአክስትሽን ቤት ነው የምትነቀንቁት።

የሚወጠረው ፖል ይሰራል፣ ጣሪያው ከፈቀደ። ጂፕሰሙ ብቻውን አይችልም፣ ከጂፕሰሙ በላይ ባለው ተሸካሚ እንጨት ትክክል ሥር መሆን አለበት። እንጨቱን የሚያገኝ ትንሽ መሣሪያ ሃርድዌር መደብር ይሸጣል። ኮርኒሱ እንደ ሰሌዳ እየተነሳ የሚገባ ከሆነ ግን እርሺው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ሶሌታ ጥሩ ነው፣ ግን ከሥሩ ኮርኒስ ከተሰራለት የምትወጥሩት ኮርኒሱ ላይ ነው፣ ሶሌታው ላይ አይደለም። ስንት ኪሎ እንደሚችል ያልተጻፈበት ርካሽ ፖል አትግዙ። ለፎቶ የሚሸጥ አለ፣ ለፎቶ ይሁን። የተገዛውንም ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ነቅንቁት፣ ብሎኑን እዩ፣ በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ይሁን። ሶፋና ቴሌቪዥን አጠገብ ስፒን የለም።

አሁን ወደ ማስተማሩ። አንቺ ኢንቨርት ገና ነሽ፣ ስለዚህ ኢንቨርት አታስተምሪም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ብትችይው እንኳን መቻልና ማስተማር ይለያያል። ስትችይው ሰውነትሽ ዝም ብሎ ያደርገዋል፣ ስታስተምሪ ግን የሌላ ሰው እጅ ሊለቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ማየት አለብሽ። እኛ ጋር አስተማሪ ለመሆን ስልጠና አለ፣ ከስልጠናው በኋላም ብዙዎቻችን ከሌላ አስተማሪ ሥር እየረዳን ነው የቆየነው።

ልታሳዪያቸው የምትችይው አያያዝ፣ ትንሽ መውጣት፣ ፋየርማን፣ መቀመጥ ነው። ይሄ ለብዙ ወር ይበቃቸዋል። እና ከሁሉ በፊት መውረድን አስተምሪ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መውጣት ሁሉም ይወጣል፣ ደስ ይላል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ላይ ደርሶ ክንዱ ሲዝል ነው "እንዴት ነው የምወርደው?" የሚለው። ያኔ ወይ ብረቱን ይዞ ቁልቁል ይንሸራተትና የጭኑ ቆዳ ይላጣል፣ ወይ ይለቅና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ወጥተው፣ በእግር ቆንጥጠው፣ እጅ በእጅ እየቀያየሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። እሱን በሁለቱም ጎን አሳምረው ካሳዩሽ ትንሽ ከፍ ይበሉ።

አንቺ ራስሽ ለኢንቨርት መድረስሽን እንዴት ታውቂያለሽ? ተንጠልጥለሽ ትከሻሽ ጆሮሽን ሳይነካ ወደ ታች ተስቦ ከቆየ፣ ሳትዘልይ ጉልበትሽን ደረትሽ ላይ ካመጣሽ፣ ከዛ ሳይወድቅ ቀስ ብለሽ ካወረድሽው። ይሄ በሁለቱም ጎን። ዘሎ መገልበጥ ከልምዶች ሁሉ የምጠላው ነው። ዝላዩ የጡንቻውን ሥራ ይሸፍነዋል፣ ትከሻው ይነጠቃል፣ እጅሽ ከለቀቀም አስቀድመሽ ተዘቅዝቀሻል። ቀጥ ብሎ የወደቀ በቂጡ ያርፋል፣ የተዘቀዘቀ የሚያርፈው በአናቱ ነው። ፖሉም ለዚህ ጊዜ ስታቲክ ላይ፣ ማለትም እንዳይሽከረከር፣ ይቆለፍ፣ ኢንቨርትና የሚሽከረከር ፖል ለጀማሪ አብረው አይሄዱም።

ሌላ እኛን ሀበሾችን የሚመለከት ነገር። ሎሽንና ቫዝሊን ሳንቀባ ከቤት አንወጣም፣ አውቃለሁ፣ ቆዳችን ይነጣል። ፖል ባለበት ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ አትቀቡ። የመጨረሻዋ ልጅ ብታብሰው እንኳን ቅባቱ ፖሉ ላይ ይቀራል። ቀለበትና አምባር ይውለቅ። ቁምጣውም ለማሳየት አይደለም፣ የሚይዘው ቆዳ ነው፣ በሌጊንግ ከተቀመጥሽ ትንሸራተቻለሽ። በክረምት ደግሞ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ እናንተም ፖሉም እስክትሞቁ ጠንካራውን ነገር አትጀምሩ።

ጋሼ_ዝም_አይልም

እስክስታ እያለልን ብረት ላይ መንጠልጠል ምን የሚሉት ነው? ትከሻ ለመጉዳት ከሆነ እስክስታም ይበቃል።

የሰርከስ_ልጅ

ጋሼ እስክስታም ሳያሟሙቁ ከገቡበት ያስቀጣል፣ በየሰርጉ እናያለን 😂

እኔ አዲስ አበባ ሰርከስ ውስጥ ነው ያደግሁት። እኛ ጋር ያለው ቻይኒዝ ፖል ነው፣ ጎማ የለበሰ ረጅም ብረት። በእሱ ላይ ሱሪ ለብሰህ ጫማ አድርገህ ነው የምትወጣው፣ ራቁት ቆዳ ካስነካኸው ጎማው ያቃጥልሃል። ህንድ አገር ደግሞ ማላካምብ የሚባል አለ፣ የትግል ስፖርተኞች የሚሰለጥኑበት የእንጨት ግንድ፣ ወንዶች እዛ ላይ የሚሰሩትን ብታዩ አፋችሁን ትይዛላችሁ። ፖል ስፖርትም እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ስፖርት ፌዴሬሽኖችን ያሰባስብ የነበረው ጋይስፍ የታዛቢነት ቦታ ሰጥቶታል። የናይት ክለቡ ታሪክ የለም አልልም፣ አለ፣ ብዙዎቹን ሙቭመንቶች የፈጠሩትም እዛ የሰሩ ሴቶች ናቸው። ግን ጠያቂዋ የጠየቀችው ስለ አንገቷ ነው።

አጠገብ ስለሚቆመው ሰው ልመልስ። አስተማሪሽ ዝም ብላ የቆመች የመሰለሽ ጎበዝ ስለሆነች ነው። ሥራው ማንሳት አይደለም። ካነሳሽኝ አልተማርኩም፣ አንቺም ወገብሽ ይያዛል። ሥራው ጭንቅላትና አንገት መሬት ቀድሞ እንዳይነካ ማድረግ ነው። ስለዚህ ቅርብ ትቆሚያለሽ፣ በጀርባዋ በኩል፣ አንድ እጅ ከላይኛው ጀርባዋና ከትከሻዋ ኋላ፣ ሌላው ወገቧ ላይ። እግሯን አትያዢ። እግር ከያዝሽ ጭንቅላቷን ነው የምታወዛውዢው። ክንዷንም አትጎትቺ። የምትወረወር እግር ፊትሽን እንዳይመታሽ ከእግሮቿ መንገድ ውጪ ቁሚ። ብትወድቅ በአየር ላይ ልትቀልቢያት አትችይም፣ ሰው ከባድ ነው፣ ማድረግ የምትችይው ላይኛው አካሏን ወደ ራስሽ ስበሽ መውደቋን ማዘግየትና በጀርባ ወይም በቂጥ እንድታርፍ ማዞር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የት እንደምትነኪያት ንገሪያትና ትስማማ። ልጅቷ አዲስ ከሆነች ቂጧ አካባቢ ድንገት እጅ ሲያርፍባት ትደነግጣለች፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይለቃል። አንድ ቃልም ይኑራችሁ። እኛ "ታች" ነው የምንለው። "ታች" ከተባለ ክርክር የለም፣ ትወርዳለች። እና የሚጠብቀው ሰው ስልክ አይዝም። ሞያ የተሞላባቸው ቪዲዮዎች ላይ እንኳን ጠባቂው ቀራጭ ሆኖ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ደክሟችሁም አትሞክሩ። "አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም" የሚሉት ሙከራ ነው ሰው የሚጥለው። አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ፣ ሰውነት ሞቆ ገና ሳይደክም።

ፊዚዮ_ከአትላንታ

ስለ ትከሻሽ። ሳላይሽ ይሄ ነው አልልሽም፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ልንገርሽ። ስፒን ላይ የላይኛው እጅ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ትከሻው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል፣ ከትከሻ አጥንቱ ሥር የሚያልፉት ጅማቶች ይጨናነቃሉ። በተደጋገመ ቁጥር ይቆጣሉ። "ሲለምድ ይተዋል" የሚባለው ለጡንቻ ዝለትና ለቆዳ ነው። የጭንሽ ውስጥ ቢበልዝ፣ ከጉልበትሽ ኋላ ቢያቃጥልሽ፣ እሺ፣ እሱ ይለመዳል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ህመም ግን አይለመድም።

ለጊዜው እጅ ከራስ በላይ ሆኖ ክብደት የሚሸከምበትን ነገር አቁሚ። ሙሉ በሙሉ ተኚ ማለቴ አይደለም፣ ትከሻሽን ከደረት በታች ባለ ከፍታ በላስቲክ እየሳብሽ ማጠናከር ትችያለሽ፣ ካላመመሽ። ስትመለሺ ከመዞርሽ በፊት ትከሻሽን ወደ ታች ሳቢው፣ ክንድሽን ትንሽ እጠፊው። በግራም ሥሪ። በአንድ ጎን ብቻ የሚለማመዱ ሰዎችን ገና ከበር ሲገቡ አውቃቸዋለሁ። ትዊስትድ ግሪፕ የሚባለውን፣ የላይኛው እጅ ተጠምዞ አውራ ጣት ወደ ታች የሚሆንበትን፣ ማንም ቢያሳይሽ ለአሁኑ አይነካ። ትከሻው ወደ ውስጥ ተጠምዞ ሙሉ ክብደት ይንጠለጠልበታል፣ ጤነኛ ትከሻም ያማርረዋል።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ እጅሽን ወደ ጎን ማንሳት ካቃተሽ፣ ወይ ጣቶችሽ ከደነዘዙ ሐኪም ጋር ሂጂ። ወጌሻን በተመለከተ እናትሽን አላስቀይምም፣ ቀለል ባለ ማሸት ማንም አልሞተም፣ ግን ምንነቱ ያልታወቀ ትከሻን ጎትቶ "መመለስ" የተቆጣውን ጅማት ሊበጥሰው ይችላል። እንዳያስጎትቱሽ።

ከእናንተ መሀል የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት፣ ግላኮማ፣ ያለበት ካለ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይዘቅዘቅ። አንድ ሰው በአናቱ ወድቆ አንገቴን ካለ ደግሞ አታንሱት፣ ውሃም አታጠጡት፣ ባለበት ይተኛና 911 ደውሉ።

ጤናአዳም

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ምሰሶው ተሰርዟል፣ ለአክስቴ ልጅ የላይኛውን ሁሉ አንብቤላት ትንሽ አኮረፈች። መጀመሪያ ጀማሪ ክላስ ይግቡ፣ ቤት ደግሞ አብረን እናጠናክር ብያታለሁ። ግን አንድ አለ። የድሮ ወፍራም ፍራሽ አለን፣ ከሥር ብናነጥፈው ለመውጣትና ለስፒን አይሆንም?

ፖል_ለንደን

የአልጋ ፍራሽ አይሆንም። ስፕሪንጉ ያነጥራል፣ ጠርዙ ይሰምጣል። ለፖል የሚሸጠው ክብ ሆኖ መሀሉ ላይ ለፖሉ የተሰነጠቀ ነው፣ ከፖሉ ጋር ክፍተት ሳይተው ይገጥማል፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትርና ከዛ በላይ ነው። እሱም ቢሆን ለኢንቨርትና ከፍ ላለ መውጣት እንጂ ለስፒን አይመከርም። ዞረሽ ስታርፊ እግርሽ ለስላሳ ነገር ላይ ይሰምጥና ቁርጭምጭሚትሽ ይዞራል፣ በዚህ ወለምታ የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ለስፒን ባዶ ወለል፣ ባዶ እግር። ፍራሽ አለ ብላችሁ ደግሞ ያልደረሳችሁበትን እንዳትሞክሩ፣ በአንገት ለመጣ ሰው 10 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ብዙም አያደርግለትም።

ቤት ለማጠናከር ፖል አያስፈልጋችሁም። ፕላንክ፣ በሩ ላይ የሚገጠም ብረት ካለ መንጠልጠልና ትከሻን ወደ ታች መሳብ (አንቺ ግን ትከሻሽ እስኪሻለው ይሄ ይቅርብሽ)፣ ጀርባ ላይ ተኝቶ ሁለት እግርን ቀስ ብሎ ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ። የእጅ አንጓችሁንም አሟሙቁት። ፖሉን ልትገዙ ስትወስኑ የጣሪያውን ፎቶና ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን ልክ እዚህ ላኪልኝ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አየዋለሁ።

ጋሼ_ዝም_አይልም

ይሄ በጀርባ ተኝቶ እግር ማንሳት የምትሉት ለወገብ ህመም ይሆናል?

ፊዚዮ_ከአትላንታ

ጋሼ ለእርስዎ አይሆንም። ጉልበትዎን አጥፈው አንድ አንድ እግር ይጀምሩ፣ ወገብዎ ከወለሉ ከተነሳ ያቁሙ። ወደ እግርዎ የሚወርድ ህመም ካለ ግን መጀመሪያ ይታዩ።